መንገዱን እየነገርኩህ እንሄዳለን

ለምወድህ አባቴ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሳልህ ለቆህ፣ ጉልበትህ በርትቶ፣ በረንዳው ላይ ያለችው ወንበርህ ውስጥ ዘና ብለህ ያግኝህ። እንዴት ከረምክልኝ አባዬ? ምግብ በደንብ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሁለት ማንኪያ ቀምሰህ ሳህኑን ወደ እማዬ ትገፋለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ጠዋት ጠዋት ብርዱ አያስቸግርህም? ዓይንህን መጨረሻ ላይ እጠይቅሃለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ከነጋ የማስበው እሱን ስለሆነ መቆየት አቃተኝ። ግራው ጨርሶ ጨለመ? ቀኙስ አሁንም ሰው ከሩቅ ይለያል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። እንዲያውም ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት።

እማዬ ሁሉንም ነግራኛለች። ሐኪሙ የዓይንህ ሞራ ይገፈፋል፣ ብዙ ከቆየ ግን ያስቸግራል ማለቱን ነገረችኝ። የቀጠሮው ዕለት ለፍጥነቱ ሮኬት ብለህ የሰየምከው ወንድሜ ሲወስድህ፣ ስልኩን እያወራ ኩርባው ላይ ደርቦ ሊቀድም ሲል “አቁም!” ብለህ መውረድህንም ነገረችኝ። ከዚያ በከዘራህ የመንገዱን ዳር ዳር እየዳሰስክ በእግርህ ወደ ቤት ተመለስክ። ሁለተኛውም ቀጠሮ እንዲሁ አለፈ። ከእንግዲህ የማንም መኪና ውስጥ አልገባም፣ ከነጨለማዬ እኖራለሁ ብለሃል አሉ። አባዬ፣ እኔ አልፈርድብህም። ዕድሜውን ሙሉ መሪ የጨበጠ ሰው ዓይኑ ደክሞ ከማያምነው ሹፌር ጎን መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስፈራው አሁን ገብቶኛል። ግን ዓይንህ እኮ ነው! ሦስተኛው ቀጠሮ እየደረሰ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈው ያን ቀን መኪና ውስጥ እንድትገባ ላሳምንህ ነው።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ አንተን ማን ይችልሃል? “እሺ፣ እሺ፣ በርቺ፣ በይ እናትሽን እንኪ” ብለህ ትገላገለኛለህ። ደብዳቤ ግን እስኪያልቅ ይሰማል። ደግሞ አንባቢህ ማን እንደሆነ አውቃለሁና የልቤን ነው ያገኘሁት። ሮኬት፣ እንዴት ነህ ወንድሜ? አደራህን፣ መኪና እንደምትነዳው አድርገህ እንዳታነብልኝ። አራት ነጥብ ስታገኝ ሙሉ በሙሉ ቁም። ያልጣመህን መስመር ደርበህ አትለፍ፤ እማዬ አጠገብህ ተቀምጣ ገጹን እንደምትቆጥር እወቅ።

አሁን ዜናዬን ልንገርህ አባዬ። ሹፌር ሆኛለሁ! አዎ፣ እኔ ልጅህ፣ ብስክሌት ላይ ስወጣ አጥር የማቅፈው። ነጭ ቫን ይዤ ከጠዋት እስከ ማታ ከተማውን አቋርጣለሁ። ሮኬት፣ ይህን አንድ ጊዜ ደግመህ አንብብለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ መተኮስ እንደነበር ታውቃለህ። በእንፋሎቱ መሀል ቆመን፣ ከማሽኑ የሚወጣውን አንሶላ እኔና ጓደኛዬ ጫፍና ጫፉን ይዘን ስናጥፍ ይመሻል። ታዲያ ለእንግዳ ማረፊያዎቹ አንሶላና ፎጣ የሚያደርሰው ሹፌር ሌላ ሥራ አገኘና ድንገት ለቀቀ። የላውንደሪው ባለቤት የታሰረው ልብስ እስከ በሩ ተከምሮ ስታየው ጭንቅላቷን ይዛ መጣችና፣ መንጃ ፈቃድ ያለው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ እጄን አወጣሁ። መንጃ ፈቃድ አለሽ ስትለኝ፣ የለኝም፣ ግን የአውቶብስ ሹፌር ልጅ ነኝ አልኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ የማድረቂያ ማሽኑ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። እሷ ግን አልሳቀችም። ትንሽ አየችኝና እንግዲያው ሂጂና ተማሪ አለችኝ።

አስተማሪዬ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ አምቡላንስ ይነዱ ነበር። ተማሪዎቻቸው “ቀስ በይ” የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸዋል፤ ከአፋቸው የማይጠፋ ቃል ነው። አምቡላንስ የነዳ ሰው ቀስ በይ ሲለኝ እሰማለሁ፤ መቸኮል የጣለውን ሰው ከመንገድ ላይ ሲያነሱ የኖሩት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ሞተር አላስነሱኝም። መኪናዋን እንድዞራት፣ ጎማዎቹን እንዳይ፣ ከኋላዋ ሰው ወይ ዕቃ እንደሌለ ጎንበስ ብዬ እንዳረጋግጥ አደረጉኝ። ከዚያ ወንበሬን አስተካከልኩ፣ ስፖኪዮዎቹን አቀናሁ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ። ስልኬን ተቀብለው ኋላ ወንበር ላይ ወረወሩት። አሁንማ እንነዳለን ብዬ እጄ ቁልፉን ሲነካ፣ እሳቸው ተረጋግተው ምን ይታይሻል አሉኝ።

መንገድ አልኳቸው። መንገዱንማ እኔም አየዋለሁ፣ መንገዱ ላይ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ንገሪኝ አሉኝ። አፍሬ ጉሮሮዬን ጠረግኩና ጀመርኩ። ቀይ መኪና ቆሟል፣ ውስጡ ሰው አለ፣ በሩን ሊከፍተው ይችላል። ሴትዮዋ ጃንጥላዋን ወደ እኛ አዘንብላለች፣ አታየንም። ያ ብስክሌት ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ወደ መሀል ይወጣል። አባዬ፣ እዚህ ላይ ነው የገባኝ። የማወራው በእኔ አፍ ይሁን እንጂ ቃሉ የአንተ ነበር!

ትዝ ይልሃል? ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአንተ ጋር ስወጣ የአውቶብሱ ሞተር ክዳን ላይ ኮትህን አጣጥፈህ ታስቀምጠኝ ነበር። ከሥሬ ይሞቀኛል፣ ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፣ አንተ ደግሞ መንገዱን እያየህ ዝቅ ባለ ድምፅ ታጉተመትማለህ። “ፍየል። ፍየሏ አለፈች፣ ግልገሏ ቀርታለች። ጭነቱ ያዘነበለ ጋሪ። ልጅ፣ እናቱን እያየ ነው፣ ይሮጣል።” እማዬ ከራሱ ጋር ይጨቃጨቃል ትል ነበር። ተሳፋሪዎቹ የምትጸልይ ይመስላቸውና ጸጥ ይሉልህ ነበር። እኔ ደግሞ አውቶብሷ እንቅልፍ እንዳይወስዳት ተረት የምትነግራት ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚመጣውን ሳይመጣ እየጠራኸው ነበር! በዚያ ሁሉ ዘመን አውቶብስህ ውስጥ የአንድም ሰው ግንባር ሳይጫር ሁሉንም በሰላም ያወረድከው ለዚህ ነው። አስተማሪዬ ይህን ከማን ተማርሽ ቢሉኝ እንባዬ መጣ። ከአባቴ፣ ግን አሁን ነው የሰማሁት አልኳቸው። ቆይ፣ አንተንስ ማን አስተማረህ? ስመጣ ትነግረኛለህ።

አዎ፣ እመጣለሁ! አፌ አላስችል ብሎኝ አወጣሁት። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ፈተናውን ላውራህ።

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። የወደቅኩት ደግሞ በጥንቃቄ ብዛት ነው! መስቀለኛው መንገድ ላይ ደረስኩና ለግራው አሳለፍኩ፣ ለቀኙ አሳለፍኩ፣ ለፊት ለፊቱ አሳለፍኩ። እነሱም በምስጋና እጃቸውን እያነሱልኝ ያልፋሉ፤ እኔም በኩራት አንገቴን እነቀንቃለሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው መኪና ክላክሱን አቀለጠው። በመጨረሻ ፈታኙ ሰዓታቸውን አይተው፣ ልጄ፣ ምሳ እዚሁ ልንበላ ነው ወይ አሉኝ። ያኔም ቢሆን መውደቄ ሳይገባኝ፣ የማየውን ሁሉ መናገር ስለለመድኩ፣ “ፈታኙ ተናደዋል፣ ከወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር እየሰረዙ ነው” ብዬ ጮክ አልኩ። ሮኬት፣ ሳቅህን ጨርስና ቀጥል።

አስተማሪዬ ግን አልተቆጡኝም። ፍርሃትና ጥንቃቄ አንድ አይደሉም ነው ያሉኝ። የፈራ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሌላው እንዲወስንለት ይጠብቃል፤ የተጠነቀቀ ሰው ግን ቀድሞ ስላየ ቀድሞ ይወስናል፣ ፍሬቻውን በጊዜ አሳይቶ፣ ተራው ሲደርስ ይሄዳል አሉኝ። የሌላው ሹፌር ዓይን ካልታየሽ እሱም አላየሽም ብለሽ ተነሺ፣ መብራቱ አረንጓዴ ቢበራም ግራና ቀኝሽን ሳታዪ አትውጪ፣ የሚጣደፍብሽ ሰው ካለ ደግሞ አሳልፊውና በሰላም ይሂድልሽ፣ አብረሽው አትጣደፊ አሉኝ። ይህቺን የመጨረሻዋን አንባቢያችን ሁለቴ ቢያነባት አልጠላም።

ከፊት ካለው መኪና ምን ያህል እንደምርቅ ያስተማሩኝን ደግሞ ስማ፤ ይህን እንደምትወደው እርግጠኛ ነኝ። የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጀምራለህ። ሳትጨርሰው አንተም ምሰሶው ጋ ከደረስክ በጣም ተጠግተሃል ማለት ነው፤ ዝናብ ከሆነ ሁለቴ ትለዋለህ። ዓረፍተ ነገሩን እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ ይመርጣል። አንዱ የእጮኛውን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ይጠራል፤ አንዷ የምትሸጠውን አትክልት ትቆጥራለች። የእኔን ልንገርህ? “አባዬ ደህና ዋልልኝ፣ እኔም ደህና ልዋልልህ” ነው። ቀኑን ሙሉ በየምሰሶው ስንት ጊዜ ደህና ዋልልኝ እንደምልህ ብታውቅ! ጆሮህ እየጮኸ ካስቸገረህ ሐኪም ቤት አትሂድ፣ እኔ ነኝ።

ሁለተኛውን ፈተና አለፍኩ። ፈታኙ እኚያው ሰውዬ ነበሩ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ስደርስ ወንበራቸውን ጨበጥ ሲያደርጉ አየኋቸውና እሱን እንኳ ጮክ ብዬ ሳልናገር ዋጥ አድርጌ አሳለፍኩት። ሲጨርሱ ፊርማቸውን አኑረው፣ ከዚህ በኋላ ምሳዬን በሰዓቱ እበላለሁ አሉኝ። ከመኪናው ወርጄ አስተማሪዬን አቅፌ አዞርኳቸው። ቀስ በይ እያሉ ይጮሃሉ፣ ማን ይስማቸው!

አሁን የነገሩ ፍሬ ጋ ደረስኩ አባዬ። ባለፈው ሳምንት የታጠፉ ፎጣዎች ጭኜ አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባሁ። በቀኜ በኩል የቤት ዕቃ የሚያወርድ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሟል። ብቻዬን ነኝ፤ እንደለመድኩት እናገራለሁ። የጭነት መኪና ቆሟል፣ ኋላው ክፍት ነው፣ ዕቃ የሚያወርዱ ሰዎች ይኖራሉ፣ ከሥሩ እግር ይታያል፣ አራት እግር፣ ሁለቱ የኋሊት ይሄዳሉ። “ይሄዳሉ” ብዬ ሳልጨርስ እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር። ከጭነት መኪናው ፊት አንድ የቁም ሣጥን መስታወት ብቅ አለ፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። አንደኛው ሰውዬ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይራመዳል፣ ሌላው ፊቱ በመስታወቱ ተሸፍኗል። መንገዱን የሚያይ ከሁለቱ አንድም የለም። ታዲያ እኔ መስታወቱ ውስጥ ማንን ያየሁ ይመስልሃል? ራሴን! ነጭ ቫን፣ መሪው ላይ ተጣብቃ አፏን የከፈተች ሴት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። በእኔና በመስታወቱ መካከል አንድ ሰው እጁን ኪሱ ከቶ ማለፍ ይችል ነበር።

ጀርባውን የሰጠው ሰውዬ ዞር ብሎ ሲያየኝ መስታወቱን ሊለቀው ነበር። አይዞህ፣ ያዘው አልኩት። ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ፣ ከየት አየሽን እህቴ አለኝ። ከሥር አልኩት። መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለቱም መጥተው ጨበጡኝ፤ እኔም ዳር ይዤ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ከፎጣዎቼ አንዱን ፈትቼ አለቀስኩበት፣ ወዲያው ደግሞ ሳቅኩ። ከቆመ መኪና ሥር እግር መፈለግን አስተማሪዬ አላስተማሩኝም አባዬ። ይህ ያንተ ነው። አውቶብሱ ቆመው ባሉ መኪናዎች አጠገብ ሲያልፍ አንገትህን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ እኔ ለመኪናዎቹ እጅ የምትነሳ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ካንተ ዘንድ መጥቶ የሁለት ሰው ነፍስ አተረፈ። ያን ቀን ነው የወሰንኩት።

የአንድ ወር ፈቃድ ወስጃለሁ። ከቀጠሮህ በፊት ባለው ሳምንት ቤት እገባለሁ፤ መንጃ ፈቃዴ እዚያም እንደሚሠራ አጣርቻለሁ። ሐኪም ቤት የምወስድህ እኔ ነኝ። ሮኬት፣ የመኪናህን ቁልፍ አዘጋጅ፤ ፊትህንም አታጥቁር፣ አንተን ከመውደዴ የጎደለ የለም።

እንዴት እንደምንሄድ ልንገርህ አባዬ። በጠዋት፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ እንነሳለን፤ ቸኩለን የምንረግጠው አንድ እርምጃ አይኖርም። መኪናዋን አብረን እንዞራታለን፣ ጎማዎቹን በከዘራህ መታ መታ አድርገህ ታዳምጣቸዋለህ። ጋቢና ከጎኔ ትቀመጣለህ፣ ቀበቶህን እኔ አስርልሃለሁ። ከዚያ ከበራችን ጀምሮ እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ የማየውን ሁሉ ጮክ ብዬ እነግርሃለሁ። የሚሻገረውን፣ የቆመውን፣ ሊዞር የፈለገውን፣ ከመኪና ሥር የሚታየውን እግር ሳይቀር። አንተ ባታየውም መንገዱን ከእኔ እኩል ታውቀዋለህ። የዘለልኩት ነገር ያለ ከመሰለህ ጠይቀኝ። “አቁሚ” ካልከኝ ደግሞ መጀመሪያ እቆማለሁ፤ ለምን ብዬ የምጠይቅህ ከቆምኩ በኋላ ነው። በመሀል መውረድ ቢያስፈልግህም እወርዳለሁ፣ እጅህን ይዤ አብረን በእግር እንመለሳለን። ግን አትወርድም። አውቅሃለሁ፣ አንድ ጊዜ ድምፄን ከሰማህ አትወርድም።

ሮኬት ወንድሜ፣ አሁን ለአባዬ ሳይሆን ለራስህ አንብብ፤ ጮክ ብለህ ግን ይሁን። እስክመጣ ድረስ አባዬ ፈቃዱ ከሆነ ጠዋት ጠዋት እስከ ዳቦ ቤቱ ውሰደውና መልሰው። ስልክህን ለሚስትህ ሰጥተህ ውጣ። የምታየውን እየጠራህ ንዳ፤ ስትዘል አባዬ በከዘራው ወለሉን ይመታልሃል። ዓረፍተ ነገርህንም ምረጥ፤ ረዘም ያለ ይሁን፣ አንተ ከፊትህ ያለው መኪና ላይ መጠጋት ትወዳለህ። ያን ቀን ኩርባው ላይ የሆነውን እኔ አላነሳብህም፤ አባዬን በከዘራ ሲሄድ ከኋላ ከኋላው መኪናዋን እየገፋህ እስከ ቤት እንደተከተልከው እማዬ ነግራኛለች። ሞተር አጥፍተህ ነው አሉ፣ እንዳይሰማህ ብለህ። አባዬ ይህን አላወቀም ነበር። አሁን አወቀ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ልጨርስ። እማዬን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሙልኝ፤ ስመጣ ኋላ ወንበር ላይ ሆና “ቀስ በይ” ማለት እንደማትችል ከወዲሁ ንገሯት፣ እሱን የሚለኝ ሰው አለኝ። የሮኬትን ሚስት እንዴት ነሽ በሉልኝ፤ ሕፃኑን ጠረኑን እስክጠግብ ድረስ አሽትቱልኝ፣ መኪና ሲገባ ከእቅፍ ይልቅ የራሱ ወንበር ይሻለዋልና ይዤለት እመጣለሁ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም በሉልኝ፤ የአባዬን ኮት ከዚያ ቀን በፊት ጠበብ ያድርግለት፣ ከስቷል ብላኛለች እማዬ። ድሮ ረዳትህ የነበረውን ሰው ካገኘኸው ደግሞ ሳቅ ብለህ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ የነበረችው ልጅ መሪ ይዛለች በለው።

አባዬ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ከቀዶ ሕክምናው ስንመለስ ዓይንህ በፋሻ ይሸፈናል፤ ያን ቀንም ቢሆን መንገዱን የምነግርህ እኔ ነኝ። ፋሻው ተነስቶ ወደ ቤት የምንመለስበት ቀን ግን አንዲት ቃል አልተነፍስም። እኔ ዝም ብዬ እነዳለሁ፤ ፍየሉንም፣ ጋሪውንም፣ እናቱን እያየ የሚሮጠውንም ልጅ የምትጠራልኝ አንተ ነህ።

እስከዚያው ደህና ዋልልኝ፣ እኔም ደህና ልዋልልህ።

የአንተው ልጅ፣ ሹፌሯ

ከላውንደሪው ጓሮ፣ ከቫኗ ጋቢና ውስጥ ሆኜ
ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ
እሑድ ከሰዓት በኋላ